ከፍጥነት በፊት ዘለቄታ፦ በጣና ዳር ለሚሠሩ አነስተኛ የንግድ ተቋማት የኢንተርኔት መሥመርና የራውተር አመራረጥ



በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚሠራ አነስተኛ ነጋዴ የኢንተርኔት መሥመር ለማስገባት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀዳሚ መሆኑ ግን ሥራውን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ደንበኛ ሒሳቡን በሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ በቴሌብር ሊከፍል ቆሞ ሳለ ለሩብ ሰዓት የጠፋን መሥመር፣ በቀሪው ቀን የነበረው ፍጥነት የቱንም ያህል ቢሆን አይክሰውም። የዚህ ዲስኩር ዋና አሳብ ምርጫው መጀመር ያለበት መሥመሩ በምን በምን ምክንያት ሊቋረጥ እንደሚችል ለይቶ ከማወቅ ነው የሚል ሲሆን፣ የመሥመሩ ዓይነት፣ ፍጥነቱ፣ ራውተሩና ባትሪው በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሥርተው በቅደም ተከተል ሊወሰኑ ይገባል።

ደንበኛው በአቅራቢዎች መካከል መምረጥ የጀመረው በቅርቡ ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ አገልግሎቱን ለብቻው ይዞ የነበረው የመንግሥት ኮርፖሬሽን በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደገና ከተደራጀ በኋላም ብቸኛ አቅራቢነቱ ቀጥሎ ቆይቷል። ዘርፉን ለውድድር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን፣ በዚሁ አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር አካል ሆኗል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር፣ በአገሪቱ ሁለተኛ የሞባይል ኔትዎርክ ተዘረጋ። በእነዚሁ ዓመታት ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ስለዚህ ነጋዴው የመምረጥ ዕድል ያገኘበት ጊዜና ገቢው በመሥመሩ ላይ ጥገኛ የሆነበት ጊዜ አንድ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቀድሞ ኢሜይል ለማየት ብቻ ይፈለግ የነበረው መሥመር ዛሬ ክፍያ የሚገባበት፣ አልጋ የሚያዝበት፣ ዕቃ የሚታዘዝበት ነው።

የመቋረጥን ምክንያት ለመለየት መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ በሦስት ክፍል ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው በግቢው ውስጥ ያለው ነው፤ ይህም ስልኩን ወይም ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው የዋይፋይ ሞገድ ወይም የኬብል ዝርጋታ ነው። ሁለተኛው ከግቢው እስከ አቅራቢው ጣቢያ ወይም እስከ ሞባይል ማማው ድረስ ያለው የመጨረሻ መዳረሻ የሚባለው ክፍል ነው። ሦስተኛው ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባና ከዚያም ወደ ውጭ የሚወስደው የጀርባ አጥንት መሥመር ነው፤ ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በተለይም ከባሕር በታች የተዘረጉ ኬብሎች በሚወጡበት በጅቡቲ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ሥር የተዘረጉ ኬብሎች ተጎድተው በእስያ፣ በአውሮፓና በምሥራቅ አፍሪካ መካከል የሚደረገው ግንኙነት መታወኩ፣ በአንድ ሱቅ ውስጥ የሚታይ መዘግየት ምክንያቱ ከሱቁ እጅግ ርቆ ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል። ነጋዴው የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ይቆጣጠረዋል፤ በሁለተኛው ላይ የመምረጥ ሥልጣን አለው፤ በሦስተኛው ላይ ግን ምንም ሥልጣን የለውም። ገንዘቡንና ድካሙን ማዋል ያለበትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

የመጨረሻው መዳረሻ በከተማው በተለያየ መልክ ይገኛል። ከሁሉ የቆየው በስልክ የመዳብ ሽቦ ላይ የሚሄደው ኤዲኤስኤል የሚባለው ነው። ይህ ዘዴ ድምፅ ከሚጓዝበት ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ዳታ ስለሚልክ የስልክ ጥሪና ኢንተርኔት በአንድ ሽቦ ላይ አብረው እንዲሄዱ ያስችላል፤ የተሻሻለው ዓይነቱ ከጣቢያው አጠገብ ላለ ደንበኛ በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ድረስ ሊያወርድ ቢችልም፣ ርቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱ በጣም እየቀነሰ ከሦስትና ከአራት ኪሎ ሜትር በኋላ ጥቂት ሜጋ ቢት ብቻ ይቀራል። ደካማ ጎኑ የሽቦው መገጣጠሚያ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንበው የባሕር ዳር ዝናብ ወቅት ውኃ በየሳጥኑና በየመገጣጠሚያው ሲሰርግ የሽቦው ድምፅ ይሻክራል፣ ሞደሙም ስሕተትን ለመቀነስ ሲል ፍጥነቱን ራሱ ያወርዳል፤ ብዙ ሰው «ዝናብ ሲዘንብ ኔትዎርኩ ይደክማል» የሚለው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፋይበር ነው፤ ይኸውም እንደ ጸጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ መልእክትን በብርሃን የሚያሳልፍ መሥመር ነው። ለመኖሪያና ለአነስተኛ ድርጅት በሰፊው የሚዘረጋው ጂፖን የተሰኘው ዓይነት በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ወደ ደንበኞች፣ 1.25 ጊጋ ቢት ደግሞ ከደንበኞች የሚያሳልፍ አንድ መሥመር በማከፋፈያ አማካይነት ለ32 ወይም ለ64 ደንበኞች ያካፍላል። የዚህ አሠራር ትልቅ ጥቅም ማከፋፈያው ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መሆኑ ነው፤ በጣቢያው ጄኔሬተር፣ በሱቁም ባትሪ እስካለ ድረስ የሰፈሩ መብራት ቢጠፋ መሥመሩ መሥራቱን ይቀጥላል። መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍም በሐይቁ ዳርቻ አዘውትሮ የሚወርደው መብረቅ በመሥመሩ በኩል ወደ ቤት አይገባም። ጠላቱ ቁፋሮ ነው፤ ጎዳና በሚሰፋበትና የኮሪደር ልማት በሚካሄድበት ሰፈር አንድ የኤክስካቫተር ምት ለቀናት የሚቆይ መቋረጥ ሊያስከትል ይችላል።

ሦስተኛው በሲም ካርድ የሚሠራው የሞባይል መሥመር ነው። ቁፋሮ አይጠይቅም፣ በአንድ ቀን ይተከላል፣ ወደ ሌላ ቦታም ይዛወራል፤ ነገር ግን የአንድ ማማ አቅም በአካባቢው ላሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ ስለሚከፋፈል፣ በጥምቀት ወይም ከተማው እንግዳ በሚያስተናግድበት ሰሞን ጠዋት ያየውን ፍጥነት ነጋዴው ማታ ላያገኘው ይችላል። በጥቅል መጠን የሚሸጠው የዳታ ፓኬጅም ሲያልቅ ወይም ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሄድ ፍጥነቱ ዝቅ የሚልበት ሁኔታ ስላለ፣ «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል ከውሉ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይገባል። አራተኛው የሳተላይት መሥመር ነው፤ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ በሚገኝ ሳተላይት በኩል የሚሄድ መልእክት ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ለስልክ ንግግር አይመችም፣ የሚጠቀምበት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲም በከባድ ዝናብ ይዳከማል፤ ፈቃድም የሚያስፈልገው በመሆኑ ለአነስተኛ ነጋዴ ተራ ምርጫ አይደለም።

የመሥመሩ ዓይነት ከታወቀ በኋላ የሚያስፈልገውን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ አቅራቢዎች ፍጥነትን የሚለኩት በሜጋ ቢት ሲሆን፣ የፋይል መጠን የሚለካው ግን በሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ መሥመር በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ያወርዳል። ከዚህ ጋር መታየት ያለበት የመላኪያ ፍጥነት ነው፤ ፎቶ ቤት፣ ማተሚያ ቤት ወይም የዜጌን ቡና በቪዲዮ ለውጭ ገዢ የሚያሳይ ነጋዴ ከሚያወርደው ይልቅ የሚልከው ሊበዛ ስለሚችል፣ መላኪያው ጠባብ የሆነ ኤዲኤስኤል ለእርሱ አይበጅም።

ለምሳሌ በሐይቁ ዳርቻ አሥራ ሁለት አልጋ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ቢታሰብ፣ ሥራ በሚበዛበት የምሽት ሰዓት ስምንት እንግዶች እያንዳንዳቸው በ3 ሜጋ ቢት ቪዲዮ ቢያዩ 24 ሜጋ ቢት፣ ሁለት እንግዶች በ2 ሜጋ ቢት የምስል ጥሪ ቢያደርጉ 4 ሜጋ ቢት፣ ቢሮው ደግሞ 2 ሜጋ ቢት ቢጠቀም ድምሩ 30 ሜጋ ቢት ይሆናል። በመላኪያው በኩል ሁለቱ ጥሪዎች 4 ሜጋ ቢት ሲወስዱ፣ አራት የጥበቃ ካሜራዎች ምስላቸውን በ2 ሜጋ ቢት ወደ ውጭ ማከማቻ የሚልኩ ከሆነ 8 ሜጋ ቢት ይጨመራል፤ ካሜራዎቹ በግቢው ውስጥ ባለ መቅጃ ላይ ቢቀዱ ግን ይህ ወጪ ጨርሶ ይቀራል። በአንጻሩ የጀልባ ትኬት የሚሸጥ ማኅበር ወይም ፋርማሲ ክፍያ ለመቀበልና ሒሳብ ለመመዝገብ ከ5 ሜጋ ቢት በላይ አያሻውም። እንዲህ ያለው ተቋም ለፍጥነት የሚከፍለውን ተጨማሪ ገንዘብ ለሁለተኛ መሥመር ቢያውለው የተሻለ ነው።

የሁለተኛ መሥመር ጥቅም በቁጥር ሊታይ ይችላል። በቀን ለ12 ሰዓት የሚሠራ ሱቅ በ30 ቀን 360 ሰዓት ክፍት ነው፤ መሥመሩ ከዚህ ውስጥ 5 በመቶውን ይጠፋል ተብሎ ቢወሰድ ሱቁ በወር 18 ሰዓት ያለ ኢንተርኔት ይውላል። ተመሳሳይ ጉድለት ያለበት ሁለተኛ መሥመር ቢጨመርና የሁለቱ መጥፋት ፈጽሞ የማይገናኝ ቢሆን፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚጠፉበት ጊዜ ከመቶ 0.25 ብቻ፣ ማለትም በወር 54 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ርካሽና መካከለኛ መሥመሮች ከአንድ ውድና ፈጣን መሥመር ይልቅ ሱቁን ክፍት ያደርጉታል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሠራው «ፈጽሞ የማይገናኝ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው፤ ሁለት ውል መፈረም ሁለት መንገድ መያዝ ማለት አይደለም። ሁለቱ አቅራቢዎች በመሠረተ ልማት መጋራት ስምምነት አንድ ማማ የሚጠቀሙ ከሆነ የማማው ባትሪ ሲያልቅ ሁለቱም ሲሞች አብረው ይጠፋሉ፤ የፋይበር ኬብሎቻቸው በአንድ ቦይ ውስጥ ካለፉም አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣል፤ በሱቁ ውስጥ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ሶኬት ላይ ከተሰኩም አንድ ፊውዝ ሁለቱንም ያጠፋል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ጥምረት የሚባለው በአቅራቢም፣ በመሥመር ዓይነትም፣ በኃይል ምንጭም የተለያየው ነው፤ ለምሳሌ የአንዱ አቅራቢ ፋይበር ዋና ሆኖ የሌላው አቅራቢ ሲም ተጠባባቂ ቢሆን፣ የሁለቱ ድካም በአንድ ቀን የመገናኘቱ ዕድል ይቀንሳል።

ከቴክኒክ ጉድለት ውጭ የሆነ መቋረጥም አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ጊዜ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ፣ ሥራቸውን ሁሉ በሲም ካርድ ላይ የመሠረቱ ነጋዴዎችና በሽቦ የሚገባ መሥመር ያላቸው ተቋማት ያላቸውን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። እንዲህ ባለው ጊዜ የሁለት አቅራቢዎች ሁለት ሲሞች አብረው ስለሚዘጉ፣ የሲም ብዛት መድኅን አይሆንም። የዳታ መሥመር ሁሉ ሲዘጋ የሚቀረው ያለ ዳታ የሚሠራው ዘዴ ነው፤ ዩኤስኤስዲ የሚባለው፣ በኮከብ ምልክት ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቀው የአጭር ቁጥር አገልግሎት፣ መልእክቱን የሚልከው ጥሪ በሚቀናጅበት የምልክት መሥመር እንጂ በዳታ መሥመር ስላልሆነ፣ የድምፅ ጥሪ እስካለ ድረስ ቴሌብርን በ*127# መጠቀም ይቻላል። ስለዚህ የሱቁ ሠራተኛ የአጭር ቁጥሩን አሠራር ማወቁና የደንበኞች ዱቤና ቀጠሮ በወረቀት መዝገብም መያዙ የኢንተርኔት ዕቅዱ አካል እንጂ ኋላ ቀርነት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ራውተር በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ሚና ከአንድ በላይ ነው። ራውተር ማለት ሁለት የተለያዩ ኔትዎርኮችን፣ ማለትም የግቢውንና የአቅራቢውን፣ አገናኝቶ እያንዳንዱ መልእክት በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስን መሣሪያ ነው፤ ለአነስተኛ ተቋም በሚሸጠው ሣጥን ውስጥ ግን የኬብል ማከፋፈያው ስዊች፣ የዋይፋይ ማሰራጫው፣ ለየመሣሪያው አድራሻ የሚያድለው ክፍልና ያልተጠራ መልእክትን የሚከለክለው ፋየርዎል በአንድነት ተጠቃለው ይገኛሉ። አቅራቢው ከመሥመሩ ጋር የሚሰጠው መሣሪያ ለመነሻ በቂ ቢሆንም፣ ነጋዴው የራሱን ራውተር ከአቅራቢው መሣሪያ ኋላ ቢያስቀምጥ አቅራቢ በሚቀይርበት ጊዜ የግቢው ዝርጋታ፣ የማተሚያው አድራሻና የዋይፋዩ ስም ሳይነኩ ይቆያሉ፤ የመምረጥ ነጻነቱም የተጠበቀ ይሆናል።

በግዢ ጊዜ ቀድሞ መታየት ያለበት ራውተሩ ሁለት የውጭ መሥመር መቀበል መቻሉ ነው፤ አንዱ የፋይበሩ ወይም የመዳቡ መሥመር የሚገባበት ወደብ ሲሆን ሌላው ሲም ካርድ የሚሰካበት ነው። ዋናው ሲጠፋ ወደ ተጠባባቂው በራሱ የመዞር ችሎታ ፌይልኦቨር ይባላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፤ ብዙ ርካሽ ራውተሮች መሥመር መኖሩን የሚያረጋግጡት ኬብሉ መሰካቱን በማየት ብቻ ስለሆነ፣ መሥመሩ ከባሕር ዳር ውጭ በሚቋረጥበት ጊዜ ጉዳዩን ሳያውቁ በሞተው መሥመር ላይ ይቆያሉ። የተሻለው ራውተር በየጥቂት ሰከንዱ በውጭ ወዳለ አድራሻ መልእክት እየላከ መልስ መምጣቱን ያረጋግጣል። ሲም የሚቀበለው ራውተር አቅራቢው የሚጠቀምባቸውን የፍሪኩዌንሲ ባንዶች የሚደግፍ መሆኑም መረጋገጥ አለበት፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መሣሪያ መልኩ አንድ ቢሆንም አራተኛውን ትውልድ የሞባይል ኔትዎርክ (4ጂ) ላያገኝ ይችላል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑን የዓይነት ማረጋገጫ ያገኘ መሣሪያ መግዛት ይህን ሥጋት ይቀንሳል።

የዋይፋዩ ትውልድ ቀጥሎ ይታያል። ዋይፋይ 5 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ዋይፋይ 6 ደግሞ ከ2019 ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የኋለኛው ጥቅም ለአንድ ስልክ ከሚሰጠው ፍጥነት ይልቅ ብዙ ስልኮች በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ተራቸውን በቅልጥፍና ማስተናገዱ ነው፤ ስለዚህ ለላውንጅና ለእንግዳ ማረፊያ ይበጃል፣ ሁለት ስልክና አንድ ኮምፒዩተር ላለው ሱቅ ግን ቀዳሚው ይበቃል። ሁለት የሞገድ ክልሎች አሉ፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፣ ነገር ግን እርስ በርስ የማይደራረቡ ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ሱቆች ተጠጋግተው በተሠሩበት የገበያ ሕንፃ ውስጥ ይጨናነቃል፤ 5 ጊጋ ኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግን በግድግዳ ቶሎ ይዳከማል። በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ብዙ ቤቶች የሚሠሩበት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የብሎኬትና የአርማታ ግድግዳ እንዲሁም የቆርቆሮ ጣሪያና ክዳን ሞገድን ክፉኛ ስለሚያግዱ፣ ባለ ብዙ አንቴና ውድ ራውተር ገዝቶ በአንድ ጥግ ከማስቀመጥ ይልቅ መካከለኛ ራውተር ገዝቶ በኬብል የተገናኘ ተጨማሪ ማሰራጫ በእንግዶቹ ክፍሎች አጠገብ ማቆም ያዋጣል። ማሰራጫው በኬብል ሳይሆን በዋይፋይ የሚቀበል ሬፒተር ከሆነ፣ መልእክቱን በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል እንደሚወርድ ሊታወቅ ይገባል።

ከፍጥነትና ከስርጭት ቀጥሎ የሚመጣው የደኅንነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ተቆጣጥሮ ታላላቅ ድረ ገጾችን አሰናክሏል፤ በ2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ቢያንስ በ54 አገሮች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ራውተሮችን መያዙ ተገልጿል። ሁለቱም ያጠቁት በአብዛኛው በቤትና በአነስተኛ ቢሮ የሚገኙ መሣሪያዎችን መሆኑ፣ «የእኔን ትንሽ ሱቅ ማን ይፈልጋታል?» የሚለውን አስተሳሰብ ውድቅ ያደርጋል፤ አጥቂው የሚፈልገው ባለቤቱን ሳይሆን መሣሪያውን ነውና። መከላከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን መቀየር፣ ደብልዩፒኤ2 ወይም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የመጣውን ደብልዩፒኤ3 የተባለ የምስጢር ማድረጊያ መጠቀም፣ በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን ደብልዩፒኤስ ማጥፋትና የመሣሪያው ውስጣዊ ፕሮግራም የሆነውን ፈርምዌር ማደስ ይበቃል። አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ያቆመበት ራውተር ቢሠራም ጊዜው ያለፈበት ነው።

ለደንበኛ ዋይፋይ የሚሰጥ ላውንጅ ወይም ማረፊያ የእንግዳውን ኔትዎርክ ከሥራው ኔትዎርክ መለየት አለበት። እንግዳው የሚገባበት ስምና የይለፍ ቃል ሌላ፣ የሒሳብ ኮምፒዩተሩ፣ የካሜራ መቅጃውና የክፍያ መቀበያው ያሉበት ሌላ ሊሆን ይገባል፤ እንዲህ ከተለየ በኋላ ለሥራው ኔትዎርክ ቅድሚያ የሚሰጥ ደንብ በራውተሩ ላይ ቢጻፍ፣ ፊልም የሚያወርድ እንግዳ የገንዘብ ያዡን ሥራ አያስቆምም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ የእንግዶችን መታወቂያ ፎቶ በኮምፒዩተር የሚያስቀምጥ ማረፊያ ይህን ልየታ ከጥንቃቄም በላይ እንደ ኃላፊነት ሊያየው ይገባል።

የኃይል ጉዳይ በጣና ዳር ሌላ መልክ አለው። ከጢስ ዓባይና ከጣና በለስ ኤሌክትሪክ በሚመነጭበት አካባቢ እንኳ በማከፋፈያው መሥመር ብልሽት ምክንያት መብራት መሄዱ የተለመደ ነው። አንድ ራውተርና አንድ የፋይበር መሣሪያ በአንድነት 20 ዋት ያህል ይወስዳሉ ቢባል፣ 12 ቮልትና 18 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 216 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚመከር፣ ቀሪው 108 ዋት ሰዓት ሁለቱን መሣሪያዎች ከአምስት ሰዓት በላይ ያቆያቸዋል። ለኮምፒዩተር የሚሸጠው ተራ ዩፒኤስ ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ከፍ ካደረገ በኋላ የራውተሩ ቻርጀር መልሶ ወደ 12 ቮልት ስለሚያወርደው ብዙ ኃይል በመንገድ ይባክናል፤ ቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጥ አነስተኛ ዩፒኤስ ለራውተር ይሻላል። መብራት ሲመለስ የሚፈጠረው ድንገተኛ የቮልቴጅ ከፍታና በመዳብ ሽቦ የሚገባው መብረቅ ብዙ መሣሪያ ስለሚያቃጥሉ፣ መከላከያ መሣሪያ መግጠም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሕንፃውን የመሬት ሽቦ በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል፤ የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ መከላከያ ዋና ሥራውን አይሠራምና።

በሐይቁ ላይ ለሚሠሩ ተቋማት፣ ለምሳሌ በዜጌ ልሳነ ምድር ወይም በአንዱ ደሴት ላይ እንግዳ ለሚቀበሉ፣ በውኃ ላይ በሬድዮ ሞገድ መሥመር ማሻገር የሚቻል መስሎ ይታያል፤ ሐይቁ ጠፍጣፋ ነው፣ በመካከል ግንብ የለም። ጉዳዩ ግን ከሚታየው ይልቅ ረቂቅ ነው። በ5.8 ጊጋ ኸርዝ 15 ኪሎ ሜትር የሚሻገር ሞገድ ቢታሰብ፣ የምድር ክብነት ብቻውን በመካከሉ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ ይነሣል፤ ሞገዱ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል እንደ እንቁላል ቅርጽ ሰፍቶ የሚጓዝበት የፍሬኔል ቀጣና የሚባለው ደግሞ በመካከሉ ከዕይታ መሥመሩ በየአቅጣጫው 14 ሜትር ያህል ስለሚሰፋና ከዚህ ቢያንስ ስድሳ በመቶው ነጻ መሆን ስላለበት፣ የዕይታ መሥመሩ ከውኃው በላይ 12 ሜትር ያህል ከፍ ማለት ይኖርበታል። በዚህ ላይ ጸጥ ያለ ውኃ ሞገድን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ በቀጥታ የደረሰውና ተንጸባርቆ የደረሰው ሞገድ ሲገናኙ እርስ በርስ ሊጠፋፉ ይችላሉ፣ የሐይቁ ከፍታም በበጋውና በክረምቱ መካከል በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ በግንቦት ጥሩ የሠራ መሥመር በመስከረም ሊደክም ይችላል። ባለሙያዎች ይህን የሚያቃልሉት አንዱን አንቴና ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርገው የነጸብራቁ ነጥብ ከውኃው ወጥቶ በዛፍ በተሸፈነው የብስ ላይ እንዲያርፍ በማድረግ ነው። የሬድዮ ሞገድ አጠቃቀም በባለሥልጣኑ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ ማንኛውም እንዲህ ያለ ተከላ ከግዢ በፊት ፈቃድ ሊጠየቅበት ይገባል፤ ለአብዛኛው የደሴትና የዜጌ ተቋም ግን ከፍ ብሎ የተተከለና ወደ ማማው የዞረ የሞባይል አንቴና ቀላሉና ርካሹ መፍትሔ ነው።

ከተባለው ሁሉ የሚወጣው የውሳኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ነጋዴው ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቆምበትን ሥራና በሰዓት የሚያጣውን ገቢ ይገምታል፤ ይህ ግምት ለመሥመር ሊያወጣ የሚገባውን ገንዘብ ጣሪያ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ጎረቤቶቹ ምን ዓይነት መሥመር እንዳላቸው፣ መቼ መቼ እንደሚጠፋባቸውና ጥገና ስንት ቀን እንደሚወስድ ይጠይቃል፤ በአንድ ማከፋፈያና በአንድ ማማ ሥር ያሉ ደንበኞች የሚነግሩት ከማስታወቂያ የበለጠ እውነት ነው። ከዚያም ዋናውንና ተጠባባቂውን መሥመር በዓይነትም በአቅራቢም ለይቶ ይመርጣል፣ ለሁለቱ የሚበቃ ባትሪ ይገዛል፣ ሁለቱን የሚያቀያይር ራውተር ይተክላል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ቢጎድለው መጨመር ከሁሉ የቀለለ ነገር ነውና። በውሉ ላይ የጥገና ጊዜ ገደብ፣ የመላኪያ ፍጥነት፣ የዳታ መጠን ገደብና ቋሚ የአይፒ አድራሻ መኖር አለመኖሩ በጽሑፍ ሊገለጹ ይገባል፤ የሞባይል መሥመር ብዙ ደንበኞችን በአንድ የጋራ አድራሻ ስለሚያወጣ ካሜራውን ከሩቅ በቀጥታ ማየት የሚፈልግ ነጋዴ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ተከላው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፈተና ነው። መሥመሩን ያስገባው ባለሙያ ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት የዋናው መሥመር ኬብል ተነቅሎ፣ ቆጣሪው ጠፍቶ፣ ከዚያም ሁለቱ መሥመሮች በአንድነት ተዘግተው ሱቁ ክፍያ መቀበል መቻሉ ሊታይ ይገባል። በሦስቱም ሁኔታ ደንበኛው ከፍሎ የሚሄድበት ተቋም ፍጥነቱ መጠነኛ ቢሆንም መሥመሩን በአግባቡ መርጧል፤ ከሦስቱ በአንዱ የሚቆም ከሆነ ግን ቀጣዩ ወጪው ለተጨማሪ ሜጋ ቢት ሳይሆን የቆመበትን ቦታ ለመድፈን መዋል አለበት።